ሾርባው ውስጥ ያገኘሁት ማሾ

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር «የምወደው ምግብ ቤት ካልወሰድኩህ» ትለኛለች። ባለፈው እምቢ ማለቱ ሰለቸኝና ጋቢዬን ተከናንቤ ተከተልኳት። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ለለመደ ሰው የከተማው ብርድ አያስቀምጥም።

«የዚህን ቤት ሾርባ የቀመሰ ሌላ ቤት አይሄድም» አለችና አዘዘችልኝ። መጣ። በማንኪያ ሳማስለው ከሥሩ የማውቃት አረንጓዴ ፍሬ ወጣች።

«ይሄማ የእኛው ማሾ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ቤት አትበሉትም እንዴ አባዬ?»

ማሾ እንዘራለን፣ እናርማለን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ እንለቅማለን። ከዚያ ነጋዴ መጥቶ ይጭነዋል፤ ውጭ አገር ይሄዳል ሲባል እንሰማለን። ይህን ሁሉ ዘመን ስዘራው ምን ምን እንደሚል እንኳን አላውቅም ነበር።

«ጨው ያንሰዋል» ብዬ ተነጫነጭኩ። ሳህኑን ግን ጠርጌ ጨረስኩት።

አገሬ እንደገባሁ ጎተራ ካለው ላይ አንድ ጣሳ ሰፍሬ ለባለቤቴ «እስቲ ይሄን ለራት ቀቅዪልን» አልኳት። ጣሳውን አየች፤ እኔንም አየችኝ።

«ይሄ እኮ ለነጋዴው ነው፤ የሰው ነው» አለችኝ።