ያልተማለበት ቡሎን

የበኩር ልጄ ደገሀቡር መምህርት ሆና ስትመደብ፣ በማንም መኪና አትሄድም፣ እኔው አደርሳታለሁ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ሰው ሳይጠየቅ ቃል ሲገባ ከፍቅሩ ይልቅ ኩራቱ እንደሚያመዝን የገባኝ ዘግይቶ ነው። መኪናዬ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች፤ ዘይት ትበላለች፣ ዳገት ላይ ታጓራለች። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ሞተሯን አውርጄ ፈታሁት።

ጅግጅጋ ያለውን ጋራዥ የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። ባልደረባዬ የአገሩ ሰው ነው፤ ሙያውን ሐርጌሳ ከአጎቱ ተምሯል። እኔን ያስተማረኝ የለም። እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እየከፈልኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ደንብ እወዳለሁ። ካወጣናቸው ደንቦች አንዱ፣ የሞተርን ሆድ የከፈተ እጅ ራሱ ይዝጋው የሚል ነበር። ለዓመታት ጠብቀነዋል። ለልጄ ስቸኩል ጣስነው።

በሞተር ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ዋናው ዘንግ የሚያርፈው ብሮንዚን በምንላቸው ለስላሳ ግማሽ ቀለበቶች ላይ ነው። እነሱን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ወፍራም የብረት ቆብ አለ፤ ቆቡን የሚይዘው ቡሎን ነው። ቡሎኑ በልኩ ከጠበቀ በኋላ እንዳይላላ፣ ከሥሩ ያለው ስስ ብረት፣ ሮንዴላው፣ ምላሱ ተቀልብሶ በቡሎኑ ጭንቅላት ላይ ይታጠፋል። ምላሱ የሚታጠፈው አንዴ ነው። መልሰው ሊያቀኑት ቢሞክሩ ይሰነጠቃል፤ ምትኩ ደግሞ ያኔ ከድሬዳዋ ወዲህ አይገኝም ነበር።

ማጥበቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ። መሐል ላይ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጮህብኝ፣ የማጥበቂያ ቁልፉን አንዱ ቡሎን ላይ እንደሰካሁ ትቼው ወጣሁ። ስመለስ ባልደረባዬ ሥራውን ጨርሶ፣ ምላሶቹን ሁሉ አጥፎ፣ እጁን በቤንዚን ይታጠባል።

"ላንተ ብቻ ናት እንዴ ልጅህ?" አለኝ።

ደስ አለኝ። ሞተሩን ገጠምነው፤ ስናስነሳው እንደዚያ ጸጥ ብሎ ሠርቶ አያውቅም።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ነፋሱ አቧራውን ከመንገድ እየገፈፈ ጋራዡ ውስጥ ያራግፈዋል። ልጄ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ባልደረባዬ የአንድ ፒካፕ ጎማ ዳዶዎች እያጠበቀ ነበር።

"መምህርት!" አላት። "የደገሀቡር ልጆች ሶማሊኛሽን ሲሰሙ በሳቅ ነው የሚሞቱት።"

"አዴር፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በአንተ ይሳቁ።" ከሕፃንነቷ ጀምሮ አዴር፣ አጎቴ፣ ነበር የምትለው።

እየሳቀ ቁልፉን ዳዶው ላይ ትቶ ሻይ ሊያዝ ተነሣ።

"ያቺን አጥብቀህ አትሄድም?" አልኩት።

"የቷን?"

"ቁልፉ ያለባትን።"

"እሷማ አለቀች። ቁልፍ የሚተወው ያለቀው ላይ አይደል? አጎቴ እንዲያ ነው ያስተማረኝ።"

እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ቁልፍ የምተወው ገና ባልነካሁት ቡሎን ላይ ነው፤ ስመለስ ከዚያ እንድጀምር። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ልዩነት አላወቅንም፤ አንዳችን የሌላችንን ሥራ ከመሐል ተቀብለን አናውቅማ።

"የዚያን ቀን" አልኩት፣ "ቁልፌ የነበረበትን ቡሎን አጠበቅኸው ወይስ አለፍከው?"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። "ነክቼዋለሁ መሰለኝ።"

"መሰለኝ አትበለኝ። ወላሂ በልና እንሂድ።"

ይህ ሰው የሻዩ ስኳር ማነሱን ሳይቀር በወላሂ ነው የሚናገረው። ሥራ ላይ ሲምል ግን ሌላ ነው። በእኛ ጋራዥ አንዱ በሠራው ላይ ከማለ ሌላው መልሶ አይፈትሽም፤ መፈተሽ ዋሾ ብሎ መስደብ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ቢምልልኝ ኖሮ ልጄን አስቀምጬ እነዳ ነበር።

መሬቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

"ወላል" አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ "በልጅቷ ላይ አልምልም።"

"አባዬ፣ መኪናዋ እኮ ደህና ናት" አለች ልጄ። "ትናንት ገበያ ሄደህባታል።"

"ገበያ ሌላ፣ ደገሀቡር ሌላ።"

ከቀብሪ በያህ ወዲያ ቤት የማይታይበት ረጅም መንገድ አለ። በዚያ ዘመን በጸጥታው ምክንያት እዚያ መቆም የሚፈለግ ነገር አልነበረም፤ የቆመ ባለመኪና ሲያዩ አላፊዎቹ ፍጥነት ይጨምሩ ነበር። ቆቡ እየነዳሁ ቢላቀቅ ዘንጉ ተጣብቆ ይቆማል፣ ሞተሩ ከውስጥ ይሰበራል። ከፍቼ ባየው ደግሞ ምላሱ ይሰነጠቃል፣ መኪናዋም ትቀራለች፤ ልጄ በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ መገኘት አለባት። ሁለቱም መንገድ ቃሌን ይበላዋል። አንዱ ግን ከቃሌ በላይ ይበላል።

መኪናዋን የጋራዡ መፈተሻ ጉድጓድ ላይ አቁመን ዘይቱን ቀዳን፣ የዘይት ቋቱን አወረድን። ሁለታችንም ከሥር ቆመን በባትሪ አየን። እዚያ ቡሎን ጋ ያለው ምላስ ከሁሉም ይልቅ አምሮ ነበር የታጠፈው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። በመሮ ቀስ ብዬ ሳቀናው ተሰነጠቀ። ከዚያ ቡሎኑን ያዝኩት። ቁልፍ አላስፈለገኝም፤ በጣቶቼ ዞረ።

ምላሱ ሥራውን አልበደለም። የሰጠነውን ጠበቀልን፤ ልል ሰጥተነው ልሉን ጠበቀ። እኔም በቤቴ ስንቱን ነገር እንዲሁ ቆልፌ ይሆን? ልጆቼ ፊቴ ዝም ሲሉ፣ ጠብቋል ብዬ ያለፍኩት ስንት ይሆን? የሚያምር መቆለፊያ ከውስጥ ያለውን አይናገርም።

"ምዬ ቢሆን ኖሮ..." አለ ባልደረባዬ።

የልጄን ሻንጣ ተሸክሜ አብረን ወደ መናኸሪያ ሄድን። ለደገሀቡር የሚጭነው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር፤ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ልጄን አሳፍሬ ሾፌሩን በመስኮቱ በኩል ጠራሁት።

"ሞተሩን መጨረሻ የሠራው ማን ነው?"

"አባባ፣ እኔ የማውቀው መሪውን ነው" አለ ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ እያዞረ። "ሞተሩን አላህ ያውቀዋል።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ልጄም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። "አባዬ፣ አታሳፍረኝ። ሂድ ወደ ሥራህ።"

ሞተሩ ሲነሳ ጆሮዬን ሰጠሁት። ከሥር፣ ከሆዱ፣ ቀስ ያለ ኳኳታ ሰማሁ። ምናልባት ያን ቀን ማንኛውም ሞተር እንዲያ ይሰማኝ ነበር። ውረጂ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ? ልምልላትም፣ ልከፍትላትም የማልችለው ሞተር ነው። ቅጥቅጡ አቧራው ውስጥ ገባ።

ጋራዡ ስደርስ ባልደረባዬ ሥራ አልጀመረም። ሞባይል ጅግጅጋ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ተቀመጥን። ደንበኞች መጡ፤ ነገ አልናቸው። ባልደረባዬ ከከሰዓቱ የዓስር ሶላት ተመልሶ ገና ሲቀመጥ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ ደርሻለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ከጎኔ፤ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። እኔም ተመስገን አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ስልኩን ስዘጋው ግን ያ ቅጥቅጥ ነገ ጠዋት የሌላ ሰው ልጅ ጭኖ በዚያው መንገድ እንደሚመለስ አሰብኩ።