የእህቴ ሠርግ ካሴትና ሽሽሽ የሚለው ድምፅ

የቦንጋን ዝናብ በማውስ አንዴ ጠቅ አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሳቁ፣ ችግር የለም። ሚስቴም ስቃለች።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነካክቼ፣ ራሴ አበላሽቼ፣ ራሴ ጠግኜ ነው የተማርኩት። ቦንጋ ውስጥ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ከፈለጋችሁ አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውም እኔው ነኝ። የስንቱን ሠርግ፣ የስንቱን ክርስትና ገልብጫለሁ። የራሴን ቤት ካሴት ግን ስንት ዓመት ሳጥን ውስጥ ዘግቼበት ኖርኩ። ፈራሁት መሰለኝ።

የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው። የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ በተዋስኩት ካሜራ። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ካሜራው ትከሻዬ ላይ ሲቀመጥ ሚኒስትር የሆንኩ ነው የመሰለኝ። አባታችን ሙሽሮቹን ሊመርቅ ሲነሳ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። የኔ እጆች ካሜራ ይዘዋል፣ ሐሳቤ ደሞ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። አንድም አሜን አላልኩም። ሲጨርስ አባቴ ቀና አለና ቀጥታ ወደ እኔ እያየ የሆነ ነገር ተናገረ። አልሰማሁትም። በኋላ ካሴቱ ላይ እሰማዋለሁ አልኩ። ብልጥ ነኝ እኮ!

ካሴቱን ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ስናየው ሰው እየሳቀ፣ እየተንጫጫ፣ ማን ሊሰማ። አባቴን ራሱን ልጠይቀው አሰብኩ፤ የት ይሄዳል ብዬ ተውኩት። ሄደ። ድምፁ የቀረው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ቆረጥኩና ዴኩን፣ የካሴት ማጫወቻውን፣ ከላፕቶፑ ጋር በኬብል አገናኘሁ። ምስሉ መጣ። አባቴ መጣ፣ በዚያ ግራጫ ካፖርቱ። ድምፁ ግን ብዝዝዝዝ። ከማንኪራ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ቀፎ ሰቅለሃል እንዴ?» አሉኝ።

«ኤሌክትሪኩ ነው አባባ።»

«የኔዎቹም ሲቆጡ እንዲህ ነው የሚሉት። ባትነካካቸው ይሻልሃል።»

ነካካሁ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው ብዝዝታው ጭጭ አለ! ሁለቱም ዕቃዎች ግድግዳው ላይ ተሰክተው በኬብል ሲገናኙ ነው እንዲያ የሚያጉረመርሙት፤ ላፕቶፑ በባትሪው ሲሠራ ይታረቃሉ። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ሽማግሌው ፊት ጉራዬን ነዛሁት፤ እሳቸው ፎቷቸውን ተነስተው ሄዱ።

ቀጥሎ ጭርጭር የሚል መጣ። የኬብሉን ጫፍ ባየው ዝጓል። ጠራረግኩት፣ ዴኩ ውስጥ ካሴቱን የሚያነበውን «ሄድ» የሚሉትንም በአልኮል ወለወልኩት፣ እሱም ቀረ። የቀረው ሽሽሽሽ ብቻ ነው። እሱ ግን አልላቀቅ አለኝ። ኬብል ቀየርኩ፣ ድምፁን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። የሌላ ሰው ካሴት ብከት ጥርት ብሎ ይሰማል። የኛው ብቻ ሽሽሽ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ መልሼ አጠነጥናለሁ፣ እንደገና ያንቀሳቅሳል። ሁለት ቀን እንዲህ ዋልን፣ እሱ እየተናገረ፣ እኔ ሳልሰማው።

በመጨረሻ ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም ከፍቼ ጠቅ አደረግኩ። ሽሽታው ድራሹ ጠፋ። አባቴም አብሮት ጠፋ። በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ሆነብኝ።

በሦስተኛው ቀን እህቴን ከሺሺንዳ ጠራኋት። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ ነው ይሄ? ጋሼ፣ ምን አድርገህብን ነው?»

«አጠራሁት።»

«እንዲህ ነው ማጥራት? በል የመጀመሪያውን አሰማኝ።»

አሰማኋት። አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች።

«ካሴቱ ተበላሸ ብለህ ነው አውቶቡስ ያሳፈርከኝ? ዝናብ እኮ ነው! የሠርጌ ዝናብ! ዳሱ ላይ ባለው ላስቲክ ላይ ሲወርድ አይሰማህም? ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ መሆኑን ረሳኸው?»

ምስሉ ላይ ዝናብ አይለይም፤ ያረጀ ካሴት ሁሉ ዝናብ የዘነበበት ነው የሚመስለው። ዞሬ በሩን አየሁ። ውጪም እየዘነበ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ። እሱንም አልሰማሁትም። ቦንጋ ያደገ ሰው ዝናብ አይሰማውም፤ የሚደነግጠው ሲያባራ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የታገልኩት ከገዛ አገሬ ዝናብ ጋር ነበር።

«አሁን ዝም በል» አለችኝ እህቴ። «ቤታችን ቆርቆሮው ሥር ስናወራ እንዴት ነበር? እንደዚያ ስማ።»

እቤታችን ዝናብ መጣ ብሎ ወሬ የሚያቋርጥ አልነበረም። አባቴ ድምፁን ከፍ፣ ቃሉን ዘለግ ያደርጋል፣ በቃ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ወደ ኋላ ቀረና አባቴ ወደ ፊት መጣ። በቋንቋችን በካፊኖኖ እየመረቀ ነው። ልጅ ይስጣችሁ፣ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፣ አንዳችሁ የአንዳችሁን እርጅና እዩ። እህቴ እጇን ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ፣ ዘንድሮ እጄ ባዶ ነው። አሜን አልኩ። ከኋላዬ ሌላ አሜን ሰማሁ፤ እኒያ ሽማግሌ ፎቷቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ከዚያ አባቴ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ውጪ ቆመህ ምን ትሠራለህ ልጄ? በሰበስክ እኮ። ና ግባ።»

ይኸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ምን ብሎኝ ይሆን ስል የኖርኩት፣ ና ግባ ነው። ካሜራውን ፎጣ አልብሼ ራሴን ዝናብ ላይ ትቼው ነበር። እሱ አይቶኛል። እኔ ግን አልገባሁም።

አሥር ጊዜ መልሰን ሰማነው። አላለቀስኩም። ፊቴ የረጠበው ጣሪያዬ ስለሚያፈስ ነው። አላመናችሁም አይደል? እንግዲያው ሺሺንዳ ውረዱና እህቴን ጠይቋት። እሷ ታዳላለች ካላችሁ ማንኪራ በእግራችሁ ሂዱና ሽማግሌውን ጠይቁ፤ ጣሪያዬን ቀና ብለው ሲያዩት ነበር፣ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ይንገሯችሁ። ሂዱ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!