ነደባው የት አለ?

ከጀጎል ግንብ ውጭ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራውን ቤት ሊያዩ የመጡት ሴትዮ፣ ሌላው ሰው በር ላይ ጫማውን እንደሚያወልቅ፣ የተሽከርካሪ ወንበራቸውን ጎማ በጨርቅ ወልውለው ገቡ። ደረጃ የሌለውን መግቢያ አዩ፤ የመታጠቢያ ቤቱን መያዣ ብረት ነቅነቅ አደረጉና «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ የሐረር ቤት መቀመጫ መደብ ያልተሠራበትን ባዶ ወለል ተመለከቱ።

«ነደባው የት አለ?»

«እናቴ፣ መደብ ያደናቅፋል። እንዳይወድቁ ብለን ነው የተውነው» አለ መሐንዲሱ።

«እንግዳዬን አልጋዬ ላይ ላስቀምጠው? ልጄ፣ እዚህ የምመጣው ልኖር ነው ልተኛ?» የወንበራቸውን መቀመጫ በመዳፋቸው መቱ። «ከዚህ እኩል አድርገህ ሥራው፤ ተንሸራትቼ እወጣለሁ።»

«ለአንድ ሰው ተብሎ ፕላን አይቀየርም።»

«አንተ አታረጅም እንዴ?»

ግንበኞቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«በባሌ ቤት ዕድሜዬን የጨረስኩት በሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው መደብ ላይ ነው። ወላሂ፣ በራሴ ቤት ላይኛው፣ የክብሩ መደብ ላይ እቀመጣለሁ!»

ወንበራቸውን ወደ በሩ መልሰው መሃል ላይ ፍሬን ያዙ። ሲሚንቶ የጫነ የእጅ ጋሪ ከውጭ መጥቶ ቆመ፤ የሚገፋው ሰው «ያሳልፉኝ» አለ።

«ነደባው ሊሠራ ወደዚያ ግድግዳ ከሆነ እለፍ» አሉት፣ ወደ ባዶው ወለል ዳር እየጠቆሙ።