አሜን ያልኩበት የመጨረሻ ገጽ

ሃያ ዓመት ሙሉ በየጧቱ አሜን ስል ኖሬአለሁ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ዳዊታቸውን ደግመው፣ ውዳሴ ማርያሙን አስከትለው፣ የመጨረሻዋን ገጽ በግዕዝ አንበልብለው ሲዘጉ እኔ ከጓዳ ሆኜ "አሜን" እላለሁ። ምን እንደሚሉ አላውቅም። የመጽሐፍ መጨረሻ መቼም ምርቃት ነው ብዬ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ፊደል እቆጥራለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት እያንገዳገድኩ አነባለሁ። ግዕዝን ግን ጆሮዬ ይለምደዋል እንጂ አይገባኝም።

መጽሐፉ የብራና ዳዊት ነው። አማቴ በወጣትነታቸው ከደጋ ወደ መተማ ቆላ መሬት ፍለጋ ሲወርዱ ይዘው የመጡት አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ጋቢና ይህን ዳዊት ከነማኅደሩ ነበር። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። እሳቸው "ጎንደር ሳትቆረቆር የተጻፈ ነው" ይላሉ። ሽፋኑ ሁለት የወይራ ገበታ ነው፤ አንደኛው ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ሲከፈት የቆዳና የጧፍ ሽታ ይወጣዋል። በየአሥሩ መዝሙር ራስጌ ሐረግ ተሥሏል፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ገመድ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ይሄዳል፣ ጫፉን ብትፈልጉ አታገኙትም። የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም የትም ቦታ በቀይ ነው። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ፍየሏ በሕይወቷ ሳለች የቆሰለችበት ነው አሉ። ጸሐፊው ቆዳውን አልጣለውም፤ ቀዳዳውን እየዞረ ጻፈ። ከመጽሐፉ ሁሉ ያን ቀዳዳ እወደው ነበር።

ሥዕሎቹ ሦስት ናቸው። መጀመሪያ እመቤታችን ሰማያዊ ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ግራና ቀኝ ሁለት መላእክት ሰይፍ መዘው ቆመውላት። ቀጥሎ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ከታች ዘንዶው ተጠምዞ። መጨረሻ ስቅለቱ። በየሥዕሉ ላይ ስስ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተሰፍቶበታል። ሥዕል ያለበት የብራና ቅጠል ጠርዙ ላይ የሐር ክር አለው፣ ሰው ሳይገልጥ እንዲያገኘው።

አማቴ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ስድስት ዓመት አልፎታል። ጸሎቱ በቃላቸው ነው። ሥዕሎቹን ግን የሚያገኟቸው በክሩ ነው። በአውራ ጣታቸው ይቆጥራሉ፤ አንደኛው ክር እመቤታችን፣ ሁለተኛው ጊዮርጊስ፣ ሦስተኛው ስቅለት። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ከታች፣ ከእግሯ ሥር፣ ይስማሉ። ስንት ሰው ስሟት እንደሆነ እንጃ፣ እዚያ ቦታ ቀለሙ ለቅቋል።

ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እሳቸው፣ እኔና አንዲት ልጄ ነበርን። እኔ ሰሊጥ መጋዘን እለቅማለሁ፣ ከሰሊጡ ድንጋይና ገለባ እለያለሁ። መንገዱ ሲዘጋ መጋዘኑም ይዘጋል። አንድ ቀን ልጄ ማዶ፣ ሱዳን፣ ሰው ቤት የሚያስቀጥር ደላላ እንዳገኘች ነገረችኝ።

"እማዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ። ልሠራ ነው እንጂ ልሞት አይደለም የምሄደው።"

ባለቅስም ከሐሳቧ አልተመለሰችም። እንግዲያስ ባዶ አንገቷን አትሄድም አልኩ። ሌላው ሰው ደብተራ ዘንድ ሄዶ ክታብ ያስጽፋል፤ እኔ የማምነው ደብተራ አልነበረኝም። ደግሞስ፣ ትናንት ከተጻፈ ክታብ ያን ሁሉ ዘመን የተሳመ ሥዕል አይሻልም ወይ? እንዲህ ነው ያልኩት። በእሑዱ አማቴ ሰው ይዟቸው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣሁት፣ የእመቤታችንን ቅጠል ያዝኩ፣ በምላጭ ከሥሩ ቆረጥኩት።

ቅጠሉን ስምንት ቦታ ሳጥፈው እንደ ደረቀ የማሽላ አገዳ ጮኸ። ከባሌ አሮጌ የኪስ ቦርሳ ቆዳ ቆርጬ ውስጡ ሰፋሁት።

"ምንድን ነው?" አለች ልጄ።

"እመቤታችን ናት። እንዳትከፍቻት።"

"ከየት አመጣሻት?"

"ዝም ብለሽ እሰሪ!"

ሳቀች። "ድንበር ላይ ሲፈትሹኝ ምን ልበላቸው?"

"የእናቴ እብደት ነው በያቸው።"

ልጄ ከሄደች በኋላ ዳዊቱን ባየው ክሩ ሁለት ብቻ ሆኗል፤ የእመቤታችን ክር ከቅጠሏ ጋር ሄዷል። አማቴ ሲቆጥሩ ያውቁታል። ስለዚህ የጆንያ መስፊያ መርፌና ክር አመጣሁና ከስቅለቱ ወዲያ ካሉት ቅጠሎች በአንዱ ጠርዝ ላይ ሦስተኛ ክር ሰፋሁ። ሥዕል የለበትም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በማግሥቱ አማቴ አንደኛውን ክር ያዙ። የእመቤታችን መስሏቸው የጊዮርጊስን መጋረጃ ገለጡ፣ ጎንበስ ብለው ከታች ሳሙ። ከንፈራቸው ዘንዶው ላይ አረፈ።

"እመቤቴ ዛሬ ሻከረችኝ" አሉ።

"ሙቀቱ ነው አባባ፣ ብራናው ደርቆ ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ። ያቺን የመጨረሻ ገጽ አንበልብለው ዘጉ። እኔም አሜን አልኩ።

እንዲህ ሆነን ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ማዶ ጦርነት ተነሣ። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ በድንበሩ ድልድይ ይገባ ጀመር። እኔ ከመጋዘን ስወጣ ድልድዩ ዘንድ ሄጄ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። የሱዳን ቶብ የተጠቀለለች ቀጭን ሴት ባየሁ ቁጥር ልጄ ትመስለኛለች። አንድ ጧት በሰው ስልክ ደወለች።

"እማዬ፣ ደህና ነኝ። ከከተማው ወጥተናል። ባትሪ የለም፣ ቶሎ በይ።"

"ያቺስ?"

"አንገቴ ላይ ናት።"

ስልኩን ይዤ ወደ አማቴ ሮጥኩ። "አባባ፣ ልጅቷ ናት! ያችን ከዳዊቱ መጨረሻ የሚሏትን ምርቃት ይበሉላት!"

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። በአማርኛ "ልጄ፣ እግዜር በሰላም ያግባሽ" ብቻ አሉ። ተቋረጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የቱን ምርቃት ነው ያልሽኝ?"

"በየጧቱ አሜን የምልባትን።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንቺ ሴት፣ ልጅቷን ልታስረግሚያት ነበር እኮ! እሱ እኮ ግዝት ነው። ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀ፣ ቅጠሉን የቆረጠ፣ የተቆረጠውንም ይዞ የተገኘ በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ ይሁን፣ ነው የሚለው።"

"ታዲያ ለምን በየቀኑ ይሉታል?"

ሳቃቸው ቆመ። "የተጻፈ ነዋ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ይዞ የተገኘ። እኔን ቢያገኘኝ ይሁን፣ የእጄ ነው። ግን የያዘችው እሷ ናት። ሰው በሚሞትበት አገር ግዝቱን አንገቷ ላይ ያሰርኩት እኔ፣ በየጧቱም አሜን ብዬ ያጠበቅኩት እኔ። ጣያት ብዬ ልነግራት አሰብኩ። እመቤታችንን ጣያት ይባላል? ብልስ በምን ስልክ? መጋዘን ውስጥ አጠገቤ የምትለቅም ሴት ወንፊቴን አየችና፣ "ኧረ አንቺ፣ ሰሊጡን ጥለሽ ድንጋዩን ሰበሰብሽ! ለነጋዴው ወጥ ልትሠሪለት ነው?" አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ እንባዬ እየወረደ።

መፍትሔው አንድ እንደሆነ አውቄዋለሁ። መጽሐፉ የአማቴ ነው፤ ግዝቱን የሚፈቱትም እሳቸው ናቸው። ግን ለመናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያ ዘንዶ ይመጣብኛል።

ዓርብ ሆነ። ዓርብ ዓርብ አማቴ ሦስተኛውን ክር ከፍተው፣ መጋረጃውን ሳይነኩ፣ ለስቅለቱ ይሰግዳሉ። የዚያን ዕለትም ያን የጆንያ ክር ያዙ፣ መጽሐፉን በርጩማ ላይ ዘረጉት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አንዱ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በእጃቸው ይገፉታል።

"አባባ፣ አይስገዱ" አልኩ።

"ለምን?"

"ስቅለቱ እዚያ የለም።"

"የት ሄደ?"

"ሁለተኛው ክር ላይ ነው።"

"ሁለተኛው ጊዮርጊስ ነው።"

"ጊዮርጊስ አንደኛው ላይ ነው።"

አውራ ጣታቸው ክሮቹን ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና ቆጠረ።

"እመቤቴስ?"

"ቆረጥኳት። ልጅቷ አንገት ላይ ናት።"

በርጩማውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስስም ከረምኩ?"

"ዘንዶውን።"

"የቱን? አፉን?"

"ጭራውን፣ አባባ።"

"እሱስ ይሻላል" አሉ። አልሳቁም ግን። "ስሚኝ። ቅጠሉን ስትቆርጪ እናት ነበርሽ። ክሩን ስትሰፊ ምን ነበርሽ?"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እኔን ይተዉኝ። እሷን ይፍቷት።"

"የታሰረ የታሰረን አይፈታም" አሉ።

መጽሐፉን ስጪኝ አሉኝ። ቀዳዳ ያለበትን ገጽ በጣታቸው ፈልገው ሁለት ቅጠል ገለጡና ጣቴን ይዘው በቀይ የተጻፈ ስም ላይ አስቀመጡት። እዚያ ቦታ መጽሐፉ አገልጋይህን ማር ይላል፣ ከዚያ የባለቤቱ ስም ይከተላል።

"ምን ይላል?"

ፊደል በፊደል አነበብኩት። "የእርስዎ ስም ነው።"

"ብራናውስ?"

"ይሻክራል።"

"ተፍቆ ነው። የወንድሜ ስም ነበር። አባታችን ዳዊቱን የሰጡት ለእሱ ነው፣ በኩሩ እሱ ነው። እሱ ገበያ በዋለበት ቀን ፍቄ ስሜን አስጻፍኩና ይዤው ወደ ቆላ ወረድኩ። ሳላየው ሞተ።" እጄን ለቀቁት። "በየጧቱ የምለው ለራሴ ነው። አሜን ስትይልኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ።"

በማግሥቱ በባጃጅ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። አማቴ ዳዊቱን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ሹፌሩን "ቀስ በል አንተ፣ የተረፈውን አትጨርሰው" ይሉታል። ሹፌሩ እሳቸውን ራሳቸውን መስሎት "ኧረ አባባ፣ ገና ጠንካራ ነዎት!" አለ። ከስንት ቀን በኋላ የዚያን ዕለት ነው ጥርሳቸውን ያየሁት።

ቄሱ በግቢያቸው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሁለታችንንም ሰሙን። አልተቆጡም፣ ያ ባሰብኝ። መጀመሪያ የወንድምየው ስም ይመለስ አሉ፤ የራሱ ያልሆነውን ሰው ሊሰጥ አይችልም። ከዚያ በወንድምየውም በእሳቸውም ስም ቅጠሉ ለልጅቷ ይሰጥ። የተሰጣት ነገር ከሆነ፣ ይዛ ተገኘች አይባልም። አንድ ዲያቆን በቀይ እስክሪብቶ የወንድምየውን ስም ከአማቴ ስም በላይ አሰፈረ፤ ከግዝቱም በታች ባለው ባዶ ቦታ ስጦታውን ጻፈ። የእስክሪብቶው ቀይ ከድሮው ቀይ ጋር ሲተያይ ውሸታም ይመስላል።

"ጽሑፉ ብቻ ግን አይበቃም" አሉ ቄሱ። "እሷ ተሰርቆ የመጣ ነገር መሆኑንም መሰጠቱንም አታውቅም። ይንገሯት።" ለእኔ ስግደት ሰጡኝና፣ "ያን ክር ደግሞ በሰፋሽበት እጅ ፍቺው" አሉ።

ፈታሁት። መርፌው የገባበት ቀዳዳ ግን አለ፣ አይደፈንም። አሁን አማቴ አንደኛውን ክር ሲያገኙ አንድ ቅጠል ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ከምላጩ የተረፈውን ጉማጅ በጣታቸው ይፈልጉና እሱን ይስማሉ።

ዳዊቱ ሲያልቅ ልጄ የደወለችበትን ቁጥር እደውልና ስልኩን እሰጣቸዋለሁ። የምትመልሰው ስልኩ አይሠራም የምትለው ድምጿ የተቀዳ ሴት ናት፣ በዓረብኛ። አማቴ ከሰላምታ በቀር ዓረብኛ አያውቁም፤ ሴትየዋ ሰው ናት ብለው ነው።

"ያ ቢንቲ፣ አንቺ ልጅ፣ ደህና አደርሽ? እባክሽ፣ ልጄን ስታገኚያት፣ አያትሽ ቅጠሉን ሰጥቶሻል በያት። ያንቺ ነው በያት።"

ስልኩ ተዘጋ። "ምን አለች?" አሉኝ።

እሺ ብላለች፣ ልል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ቀላል ነው፤ ያን ክር እንደመስፋት ነው።

"ሰው አይደለችም፣ አባባ። ማሽን ናት። አልሰማችዎትም።"

ስልኩን በጣታቸው ዳበሱት፣ ክሩን እንደሚዳብሱት አድርገው። "እንግዲያስ ነገም ደውይልኝ" አሉ።