ጋሽ ሙላው የተረጎሙልን የጀርመን ፊልም

ከላሊበላ ልወጣ ማምሻውን ሻንጣዬን ሳስር ጋሽ ሙላው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አስጎብኚነቱንም ጀርመንኛውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንግዳ ከጠፋ፣ የኔም እንጀራ አብሮት ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

«ሰው አገር አፍህ አይታሰርም፤ ጀርመንኛህን ይዘሃል» አሉኝ።

እዚህ ጀርመን ደርሼ የስደተኞች ቢሮ ስቀርብ በልበ ሙሉነት ጀመርኩት። ጸሐፊዋ ጫማዋን አየት አደረገችና «ለምን ላውልቅ?» አለችኝ። ለካ የማውቀው «እንኳን ደህና መጡ፣ ጫማዎን እዚህ ያውልቁ፣ በሩ ራስዎን እንዳይመታዎት» ብቻ ኖሯል።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ጀርመናዊ ለጋሽ ሙላው የተወላቸው ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ይተረጉሙልናል። ጓንት ያጠለቀ ሽማግሌ ፊቱን ሳያሳይ የከተማውን ሌባ ሁሉ ያዛል።

«ይኸ ደብተራ ነው፤ በአስማት ነው የሚጠራቸው» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ነጭ ለብሶ ጠባብ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ይንበረከካል። «መነነ» ሲሉ እናቴ ታማትባለች። ለላስታ ሰው እንዲያ የተንበረከከ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ባለፈው ሳምንት አከራዬ ፍራው ሂልደ እራት ጠራችኝ። እራት የሚሉት ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ነው፤ እኛ ዘንድ እንግዳን እንዲህ ያበላ ሰው መንደሩ ያማዋል። ቴሌቪዥኑን ስትከፍት ያ ፊልም ነው። አሁን ቋንቋውን እሰማለሁ። ሰውየው ሰዓት ሻጭ ነው እንጂ ደብተራ አይደለም። የድንጋዩ ክፍል እስር ቤት ነው። የተንበረከከውም ሊያመልጥ ወለሉን በማንኪያ ሊቆፍር ነው።

«ምን ያስለቅስሃል? ወንበዴ እኮ ነው» አለችኝ ፍራው ሂልደ።

በማግስቱ ደውዬ ፊልሙን እንዳየሁት ለጋሽ ሙላው ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አዲሶቹ አስጎብኚዎችም «ጀርመንኛ አያውቁም» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ጋሽ ሙላው እነሱም እንዲሰሙ ስልኩን ላውድ አደረጉት።

«እስቲ ተማሪዬ ይመስክር። የተረጎምኩት ልክ ነበር?»

«ቃል በቃል ነው ጋሼ።»

ጭብጨባ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ቀረበ፤ ላውዱን አጥፍተው ከሰዎቹ ፈቀቅ ብለዋል።

«ልጄ፣ አሁን ብቻችንን ነን። ለመሆኑ የሰውየው መጨረሻ ምን ሆነ?»

መነነ እንዳልል እውነቱን ፈልገው ጠየቁኝ፤ እውነቱን እንዳልናገር አሳዘኑኝ።

«ስመጣ ቁጭ ብለን እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም፤ መቼ እንደሚወጣም የሚነግረኝ የለም።

«እንግዲያው ቶሎ ና» አሉኝ። «ዓይኔስ ሄዷል፤ ጆሮዬ ሳይከተለው ድረስልኝ።»