ቧንቧው ውስጥ የሚጮኸው ሽቦ

ጋሼ ወንድሙ በአንድ ነገር ይታማል፤ ጥያቄው አያልቅም። አዋሳ ዳር ባለው የክር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ደሴ ተወልዶ ታቦር ተራራ ግርጌ ጎጆ የቀለሰ። ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል ለምን ያፏጫል? የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለምን ነፍስ ይዘራል? ሚስቱ ፀሐይ፣ «ካንተ ጋር ምሳ መብላት ማትሪክ መፈተን ነው» እያለች ትስቅበታለች። ምን ታድርገው! ሰውዬው ካልጠየቀ እህል አይወርድለትም።

ለአብዮት በዓል እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ፋብሪካው ተቀባ፣ ተወለወለ። የሠራተኞች ኮሚቴ ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረየስ በየግድግዳው የተንጠለጠለውን ሽቦ አይቶ፣ «ይሄ የአንጀት ዝርግፍ ምንድነው? ሁሉም በአንድ ቧንቧ ይግባ!» ሲል አዘዘ። ወንድሙም የትልቁን ማራገቢያ ሞተር ወፍራም ሽቦና የማሽኖቹን መቆጣጠሪያ ቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ከተታቸው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ከበዓሉ በኋላ የክር ፈታይዋ የታቢታ ማሽን አመል አወጣ። ክር ሲበጠስ ማሽኑን የሚያቆም የኤሌክትሪክ ዓይን አለው፤ አሁን ግን ክሩ ሳይበጠስም ቀጥ ይላል። ብታስነሳው ይቆማል፤ ደግማ ብታስነሳው ያው ነው። ምርት ወረደ። ያን ጊዜ ደግሞ ምርት ሲወርድ «ማሽን ተበላሸ» አይባልም፤ «አሻጥር ነው» ይባላል። ልጅቱ ጴንጤ ናት፣ መፈክር ሲሰማ እጇን አታነሳም፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ዓርብ ኮሚቴው ፊት ትቅረብ ተባለ። በአሻጥር ተከሶ የቀረበ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል።

ወንድሙ ሄዶ፣ «እህቴ፣ ማሽኑ ሲቆም ሌላ ምን ይሆናል?» አላት።

«ጋሼ ወንድሙ፣ እርስዎም ሊመረምሩኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ገርሞኝ ነው።»

ጥቂት አሰበች። «ትልቁ ማራገቢያ ሲነሳ ነው መሰለኝ።»

በማግስቱ ራዲዮኑን ታቅፎ መጣ። ቤቱ መብራት ሲያበራ ራዲዮኑ «ቿ» እንደሚል ያውቃል፤ ታዲያ ያ ግዙፍ ሞተር ምን ያደርግ ይሆን? ራዲዮኑን ጣቢያ የሌለበት ላይ አድርጎ ቧንቧውን ጥግ ለጥግ ተከተለው። «ወንድሙ ለየለት!» ብለው ሳቁበት። ማራገቢያው ሲነሳ ራዲዮኑ እሪ አለ፤ የታቢታም ማሽን ቀጥ! ሰውዬው እንደ ልጅ ዘለለ። ለካ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ወፍራሙ ሽቦ ይረብሻል፤ ጎኑ የተኛው ቀጭኑ ሽቦ ረብሻውን እየቀዳ ለማሽኑ «ክር ተበጥሷል» ብሎ ያወራል። የሐሜተኛ ጎረቤት ሥራ እኮ ነው!

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ቧንቧውን ያዘዘው ማን ሆነና! ዝም ቢል ታቢታ አለቀላት፤ ቢናገር ደግሞ ጣጣው ለራሱ ነው።

ዓርብ ኮሚቴው ማሽኑ አጠገብ ተሰበሰበ። ወንድሙ እንደምንም ደፍሮ ቀጭኑን ሽቦ ከቧንቧው መዘዘና ራቅ አድርጎ ጣሪያው ላይ አንጠለጠለው። ማራገቢያው ተነሳ፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። ደግመው ቢያስነሱትም ክሩ መሽከርከሩን ቀጠለ።

የገብረየስ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ አንድ ላይ የከተታቸው ማነው? አሻጥረኛው እሱ ነዋ!»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሙ። «በእርስዎ ትእዛዝ» የምትለዋን ቃል ግን አልጨመረም።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ታቢታ። ሁሉም ዞሮ አያት፤ እሷ እኮ አሁን ነጻ ወጥታለች፣ ምን አገባት? «ያኔ ማናችንም አላወቅንም። የበዓሉ ዕለት ቧንቧውን አይተን እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እርስዎም አጨብጭበዋል። ወንጀል ከሆነ ሁላችንንም ያሳስሩን።»

ገብረየስ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። «ሥራ ይቀጥል» ብሎ ወጣ።

ታቢታ ወደ ማሽኗ ዞረች። አንድ ክር በእውነት ተበጥሶ ነበር፤ ልትቀጥለው ብትሞክር ጫፉ እያመለጣት አልሆነላትም። ወንድሙ ጫፉን ያዘላት። እሷ ቋጠረችው።