ጉድጓዱን መልሶ የከደነው አጎቴ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጊዜው የጃንሆይ፣ መንደራችን ከጃጁራ ገበያ ወጣ ብሎ። የእናቴ ታናሽ ወንድም አዲሎ፣ ከመኪና ላይ ጭነት ሲያወርድ ከርሞ ባዶ እጁን መጣና እኛ ቤት ተጠጋ። ሥራ አይወድም፤ ጨዋታው ግን ረሃብ ያስረሳል። ዛሬም ሳስታውሰው ሳቄ ይመጣል።

አንድ ጠዋት፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን እቴቴ ደጃችን መጡ። ከጓሯቸው፣ ከሚብላላበት ጉድጓድ፣ ቆጮ ተሰርቋል። እናቴን ወስደው አሳዩዋት፤ እኔም ተከተልኩ። ሌባው ጉድጓዱን መልሶ ከድኖታል፤ የእንሰቱ ቅጠል ተደራርቦ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። በኛ አገር እያንዳንዷ ሴት የቤቷ አከዳደን አላት፤ ይሄ ደግሞ የኛ ቤት አከዳደን ነው። እናቴ አልከደነችም፣ እኔ ገና አልተማርኩም። የቀረው፣ ልጅ ሳለ ከአያቴ ቀሚስ ሳይለይ አከዳደኗን ሲያይ ያደገው አጎቴ ነው። እናቴ እዚያው ቁጭ አለች።

አጎቴም አልካደም። አጥቢያ ዳኛው፣ ጎረቤት ከፈቀደ እዚሁ ሠርቶ ይካስ፣ ካልፈቀደ ሆሳዕና ከተማ ወህኒ ይውረድ ብለው ነገሩን ለሰፈር ሰጡ።

ቅዳሜ ትልቁ ዝግባ ሥር ተሰበሰብን። ይቆይ የሚል በዛፉ በኩል፣ ይሂድ የሚል በመንገዱ በኩል እንዲቆም ተባለ። የቆጮ ጉድጓድ የሴት ጉዳይ ነውና ያን ቀን ሴቶቹም እንዲቆሙ ተፈቀደ። ዘመድ አይቆምም ስለተባለ ግን እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛ መሀል ቀረች። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ሣር ይነጫል።

ወንዶቹ ወደ መንገዱ አመዘኑ። አንድ ሽማግሌ፣ «የሴት ሙያ እንዲህ ከቻለስ መታሰር ሳይሆን መዳር ነው ያለበት» ብለው ሰዉን አሳቁት።

እቴቴ አልሳቁም። «ሌላ ሌባ ከፍቶት ይሄድ ነበር፤ ንፋስ ገብቶ የተረፈውም ይበላሽ ነበር። ይሄ እየሰረቀኝም ለልጆቼ ከደነላቸው። ወህኒ ቢገባ ለኔ ምኔ ነው? ለኔ ስጡኝ፣ እንሰት ይትከልልኝ።»

ይህን ብለው ዝግባው ሥር ሄደው ቆሙ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። ባሎቻቸውም፣ ራታቸውን እያሰቡ መሰለኝ፣ ቀስ እያሉ ተሻገሩ። እናቴ እጄን የለቀቀችው ያኔ ነው።

አጎቴ የእቴቴን ጓሮ ቆፍሮ እንሰት ተከለላቸው። እንሰቱ ከዓመታት በኋላ ደርሶ ለቆጮ እስኪፋቅም ከመንደር አልወጣም፤ ኋላም እዚያው ጎጆ ቀለሰ። እቴቴ አርጅተው ጎንበስ ማለት ሲያቅታቸው፣ የጉድጓዳቸውን ቅጠል የሚቀይርላቸው እሱ ነበር።